ከበር ጀርባ የደበቅኩት መቋሚያ

አያ የምንላቸው አጎቴ፣ ቅዳሴ ላይ በሽተኛ ካዩ መቋሚያቸውን ሰጥተው ራሳቸው ያለ ድጋፍ ይቆሙ ነበር። እኔም ወባ ይዞኝ ከኮላ ድባ በጭነት ማኪና ጎንደር ስገባ ኪኒን አስውጠውኝ፣ በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ከጎናቸው አቆሙኝ።

«ምነው አያ፣ መጀመሪያ ልዳንና አመሰግናለሁ» ብላቸው፣

«እሱንማ ማንም ያደርገዋል፤ አሁን እየተንቀጠቀጥክ አመስግን» አሉኝ።

መቋሚያውን ተደግፌ ቆምኩ። ትኩሳቱ ሳይለቀኝ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

እሳቸው ሲታመሙ ግን ፈራሁ። ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄዱ መቋሚያውን ከበር ጀርባ ደበቅኩት። «አምጣው» አሉኝ። «ሲሻልዎ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ እየመቱ በለሆሳስ ያዜሙ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጣታቸው ቆመ። ምን ነበረበት ብሰጣቸው!

አርባቸው ካለፈ ወዲህም መቀመጥ አልሆነልኝም። መቋሚያውን ይዤ እወጣለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። ትናንት ቅዳሴ ላይ የእሳቸው ቦታ ክፍት ነበር፤ አንድ የማላውቀው በሽተኛ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ እዚያው ቆመ። መቋሚያውን ሰጠሁት። እጄን ግን የማሳርፍበት አጣሁ።