ከሦስተኛው አልበም ወዲህ ሙዚቃ የለም

የፊዚክስ መምህሩ ዳምጠው በአሶሳ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ተማሪ በመጣልና ሄቪ ሜታል የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ በመስማት። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ሰው እንዳስለቀሰ እግዜር ይወቀው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር፤ ይኸው አሥራ ስምንተኛውን ያዘ። ሚስት አላገባም። ለምን ሲባል፣ "ማን ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ራስትሆርንን ይሰማል?" ይላል። ራስትሆርን የሚወደው ባንድ ነው። እውነቱን ነው፣ ማንም አይሰማም።

ከሱለይማን በስተቀር። ሱለይማን የበርታ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ሱቁ ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል፣ አሁን አሁን ደግሞ ሞባይል። ዳምጠው አሶሳ በገባ ሰሞን አንድ የእርዳታ ድርጅት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ዕቃ ሰጥቶት ሄደ። ከውስጡ የተበላሸ ቴፕና የራስትሆርን ሦስተኛ አልበም ካሴት ወጣ። ሱለይማን ቴፑን ጠጋግኖ ካሴቱን ከፈተው። ዳምጠው ቲማቲም ገዝቶ በዚያ ሲያልፍ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ሰማ፤ ጊታሩ ይጎተታል፣ ድራሙ ቀስ እያለ ይደቃል። ቲማቲሙን መሬት አስቀምጦ ቆመ። ሲመለስ ቲማቲሙን ረስቶት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ሱለይማን ከጁምዓ ሲመለስ፣ ሁለቱ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ ሻይ እየጠጡ ያንኑ ካሴት ይሰማሉ።

"ኡስታዝ፣ ልገልብጠው?" ይላል ሱለይማን፤ መምህሩን የሚጠራው በዚህ ነው።

"ገልብጠው።"

አንዳንድ ዓርብ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። ወሬ ከተነሳ ግን የሚያወራው ዳምጠው ነው። "ሌላው ባንድ ሁሉ ሽንቱን እንደያዘ ሰው ይሮጣል፤ እነዚህ ግን አይቸኩሉም! ልብ አድርግ፣ አይቸኩሉም!" አራተኛውን አልበም ከሰው ፍላሽ ላይ ግማሽ ዘፈን ሰምቶ፣ "ዘፋኙን አንቀውታል" ብሎ ጣለው። አምስተኛውን ከሽፋኑ ጀምሮ ጠላው። "ከሦስተኛው አልበም ወዲህ ሙዚቃ የለም" ይላል፣ መዝሙር እንደሚያወርድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ። የካሴቱ ሽፋን ላይ የመጀመሪያው ዘፈን አምስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ነው ተብሎ ታትሟል፤ ዳምጠው በእጅ ሰዓቱ ሲለካው ስድስት ደቂቃ ሞላ። ፊዚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ማሰብ ነበረበት። እሱ ግን፣ "ፈረንጅ መቁጠር አይችልም" ብሎ አለፈው።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ራስትሆርን ከአሥራ ሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አወጣ። ሱለይማን ከደንበኛ በፍላሽ አስገልብጦ፣ ዓርብ ዕለት ትልቁ ስፒከር ላይ ሰካው። ጊታሩ ተንጫጫ፣ ድራሙ ተንጣጣ፣ ዘፋኙ በቀጭን ድምፅ ጮኸ። ሱለይማን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ "ማሻአላህ! ሽማግሌ ሆኖ እንዲህ! ከሦስተኛው ይበልጣል፣ ወላሂ!" አለ።

ዳምጠው ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ይበልጣል? ይሄ ፍየል?"

"ፍየል አይደለም ኡስታዝ። ደህና አድርገህ ስማው።"

"እኔን ነው ስማ የምትለው? አሥራ ስምንት ዓመት ሳስተምርህ ምን ስትሰማ ነበር? ጆሮህ ሞቷል! ይሄን ጥሩ ነው ካለ ሰው ጋር ሁለተኛ አልቀመጥም!"

ስልክ ሊያስጠግኑ የመጡ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ሱለይማን ስፒከሩን ዘጋው። ዳምጠው ከርከዴውን ሳይጨርስ ወጣ። መንገድ ላይ ጸጸተው፤ ግን አንዴ ከአፉ ወጥቷል፣ ሰውም ሰምቷል። ደግሞ ዳምጠው ይቅርታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በመጀመሪያው ዓርብ ፈተና አርሞ ክፍሉን በሙሉ ጣለ። በሁለተኛው ያልቆሸሸ ጃኬት አጠበ። በሦስተኛው በባጃጅ ተሳፍሮ፣ ፊቱን በጃንጥላ ከልሎ፣ በሱቁ ፊት ለፊት ሁለቴ አለፈ። ባጃጁ ውስጥ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው በአሶሳ ታይቶ ስለማይታወቅ ገበያው ሁሉ አየው። የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠና፣ በዚህ ከተማ ከሱለይማን ሌላ ሰው እንደሌለው ለራሱ አመነ። ቢሆንም አልሄደም።

በአራተኛው ዓርብ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሳይጠየቅ ስለ አዲሱ አልበም ውድቀት ያብራራ ነበር። አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት ሕሊና ሰለቻት መሰለኝ ስልኳን አወጣች።

"ጋሽ ዳምጠው፣ እስቲ ያንን ሦስተኛውን ላሰማዎት፤ እኛም እንወቀው።"

"ሙዚቃ ከካሴት እንጂ ከስልክ አይሰማም።"

"ለዛሬ ብቻ።" ከፈተችው። ጊታሩ ተንጫጫ፣ ድራሙ ተንጣጣ፣ ፍየሉ ጮኸ።

"ይሄማ አዲሱ ነው!" አለ ዳምጠው በድል አድራጊነት። "ሰማችሁ? ይሄው ነው የምላችሁ!"

"አይ፣ ሦስተኛው ነው። ይኸው ሽፋኑ፣ ይኸው ዓመቱ።"

ዳምጠው መነጽሩን አጥልቆ አየ። ሽፋኑ የሚያውቀው ነው። ግጥሙ ቃል በቃል የሚያውቀው ነው። ዘፈኑ ልክ በአምስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ አለቀ። እሱ ራሱ በዚያው ጠዋት፣ ስለ ድምፅ ሞገድ ሲያስተምር፣ "ቴፕ ቀስ ብሎ ሲዞር ድምፁ ይወፍራል" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፏል። አሥራ ስምንት ዓመት ጽፏል፣ የማይሰሙ ተማሪዎችን በጆሯቸው ይዞ ጽፏል። አሁን የእሱን ጆሮ የሚይዝለት ጠፋ እንጂ! ኮቱን ሳይይዝ ወጣ።

ሱለይማን ከጁምዓ ተመልሶ ሱቁን ከፍቷል። ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ቀድቷል።

"ቴፑ ዘገምተኛ ነው" አለ ዳምጠው፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ።

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ?"

"የሚያዞረው ላስቲክ ተበጥሶ ነበር። እኔ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ሠራሁለት። ልኩ አይደለም፣ ይንሸራተታል።" መሳቢያውን ሳበና በወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ላስቲክ አወጣ። "ዋናውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። አሥር ዓመት ሆነው።"

"አሥር ዓመት! ታዲያ ምን ይዞህ ነው ያላስገባኸው?"

ሱለይማን ላስቲኩን በጣቱ አሽከረከረ። "ይሄን ባስገባ ያ ድምፀ ወፍራም፣ የማይቸኩለው ያንተ ሰውዬ ይጠፋል። እሱ ከጠፋ፣ ዓርብ ዓርብ አንተ አትመጣም።"

ዳምጠው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ማንጎውን ቀና ብሎ አየ፣ እንደገና ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጆሮህ ሞቷል ያልኩህ… የሞተው የእኔ ነው። ይቅር በለኝ፣ ሱሌ።"

"ጆሮህ ደህና ነው ኡስታዝ። ላስቲኩ ነው።"

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ዳምጠው ግን ሳቁ መሃል ላይ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ላስቲኩን ተቀብሎ በወረቀቱ ጠቀለለና መሳቢያው ውስጥ መልሶ ዘጋበት።

"ካሴቱን ልክፈተው?" አለ ሱለይማን።

"አይ፣ አዲሱን ክፈተው።"

አዲሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ዳምጠው ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው ወንበሩን ጨምድዶ ይዞ ጨረሰው።

"እንዴት ነው ኡስታዝ?"

"አሁንም ፍየል ነው" አለ ዳምጠው፤ ብርጭቆውን እንዲሞላለት ዘረጋለት። "የሚመጣው ዓርብ ድገመውና እንየው።"