ድንቡሼ የሰማችው

ባለፈው ቅዳሜ፣ አዲሱ ገበያ ለልጆች ሮቦት በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ በጭብጨባ ብቻ ከሚሄዱት አንዷ ሮቦት ማንም ሳያጨበጭብ ጠረጴዛው ላይ ስንዝር ያህል ሄደች። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ካቻቢቴ አንስቶ "ቲቸር፣ ጆሮዋ ከልክ በላይ ይሰማል፤ ብሎኗን ላጥብቃት?" አለኝ። ትክክል ነው፣ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። ግን የልጅነቴ ሮቦት ድንቡሼ ትዝ አለችኝ።

አባቴ ከሸጎሌ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ዳገት በተጠጋ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ እኔም እዚያው እማር ነበር። ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ቲቸር ሰብለ፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን፣ ሮቦት ላስተምራችሁ ብላ ሰበሰበችን። ለሳይንስ ፍቅር ሄድኩ ብል ውሸት ነው። ሐምሌ ላይ ቤት ተቀምጦ ልብስ ከማጠብ ይሻላል ብዬ ነው፤ አባዬም በዘበኛ ቤቱ ከሰል ላይ በቆሎ ይጠብስልኛል።

ድንቡሼን የሠራናት ከተሰበረ መጫወቻ መኪና ሞተር፣ ከፕላስቲክ ክዳንና ምስር ከምታክል ማይክሮፎን ነው። ሲጨበጨብላት ስንዝር ትሄዳለች። ጆሮዋ ሥር ያለችው ብሎን ስትላላ የዝንብ ኮቴ ትሰማለች፤ ስትጠብቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጸሎት ቤት መዝሙር ሲጀምር ከጭብጨባው ጋር እየሄደች ከጠረጴዛ ትወድቅብን ነበር። "ጴንጤ ሆነች" ስንል ከሁላችንም በላይ የሚስቀው ናቲ ነው፤ አባቱ እዚያው ፓስተር ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ለጉድ ነበር። ስደርስ የዘበኛ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፣ አባዬ የለም። ከሰሉ ላይ አንድ በቆሎ በአንድ ጎኑ ከስሎ ጠቁሯል። ለቅሶ ተጠርቶ ይሆናል አልኩ። ግን አባዬ ምግብ እሳት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ በቆሎውን ከእሳቱ አውርጄ ወደ ክፍል ገባሁ።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ወርዶ መስኮቱን ሸፈነው። ጸሎት ቤቱ ዝግ ነው፣ ወፍ እንኳ የለም። ድንቡሼ ተንቀሳቀሰች።

"ማነው ያጨበጨበው?" አለች ቲቸር። ማንም አላጨበጨበም። ድንቡሼ ትንሽ ቆይታ ደገመች።

"ሁላችሁም እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ።"

እጃችንን ጭነን አየናት። ሄደች፣ ቆመች፣ ሄደች። ከኋላዬ ያለችው ልጅ "በስመ አብ" ብላ አማተበች። ናቲ ብሎኗን ሊያጠብቅ ካቻቢቴውን አነሳ።

"ተው" አለችው ቲቸር። "ጆሮዋን ከመዝጋትህ በፊት ምን እንደሰማች ጠይቅ።"

"ምንም የለም እኮ ቲቸር።"

"ለእኛ ነው የሌለው።"

መሬት አስቀመጠቻት፤ ከጥግ ወደ ጥግ ይዛት ዞረች። በሩ ጋ ድንቡሼ አልተንቀሳቀሰችም። የኋላው ግድግዳ ጋ ስትቀመጥ ግን ግድግዳውን እየገጨች አላቆም አለች። ከግድግዳው ጀርባ የተተወ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ በቆርቆሮ የተከደነ። ያ በቆሎ ትዝ አለኝና ሮጥኩ።

ቆርቆሮው መሃሉ ተቀዷል። "አባዬ" አልኩ። ቲቸር በስልኳ ስታበራ አየሁት፤ ውሃው ደረቱ ደርሷል፣ በሁለት እጁ ቧንቧ አቅፏል፣ ዓይኑ ተከፍቶ እኛን ያያል፣ አፉ ግን አይናገርም። የናቲ አባትና ጎረቤቶች ገመድ ይዘው መጥተው አወጡት። እግሩ ተሰብሮ ነበር።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ "አባዬ፣ በምን ነበር የምታንኳኳው?" አልኩት።

"ምን አንኳኳለሁ ልጄ? ክዳኑን ለማየት ሄጄ ወደቅኩ። ቧንቧውን ብለቅ ሰምጬ ነበር። ስጮህ ዝናቡ ዋጠው፣ ኋላ ድምፄ ተዘጋ። በልቤ ብቻ ነው የጠራሁሽ።"

ቲቸር ሰብለ መልስ ነበራት፦ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ቧንቧው ተንቀጠቀጠ፣ ቧንቧው ደግሞ በክፍላችን ሥር ያልፋል። እንዴት ደስ አለኝ። ሳይንስን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

መስከረም ላይ ጉድጓዱን ሊደፍኑ የመጡ ሠራተኞች ቧንቧውን ነቀሉት። ወደ ክፍላችን ሳይደርስ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ድሮ የተቆረጠ ቁራጭ ብረት ነው፤ ከምንም ጋር አይገናኝም። ቲቸር እጇ ላይ አገላብጣ አየችውና "እንግዲህ አላውቅም" አለች። "አንቺ ድረሺበት።"

ይኸው ኢንጂነር ሆኜም አልደረስኩበትም። ባትሪው ደክሞ ነው፣ ውሃው ግድግዳውን መትቶ ነው፣ ጉሙ ነው ብያለሁ፤ ሁሉንም ሞክሬያለሁ፣ አንዱም አላሳመነኝም። አባዬ ግን አልተጨነቀም። እያነከሰ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ በቆሎ ሲጠብስ አንድ ለድንቡሼ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔ ነኝ የምበላላት። አሁን አባዬ በሕይወት የለም። ይናፍቀኛል።

ቅዳሜ ዕለት ካቻቢቴውን ከልጁ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። "እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ" አልኳቸው። ሮቦቷ እንደገና ሄደች። ሳቁ ቆመ።

"ምንም የለም እኮ ቲቸር" አለ ልጁ፣ ቀስ ብሎ።

ልጆቹን በዓይኔ ቆጠርኩ፤ ሁሉም አሉ። በሩን ከፍቼ የግቢውን ዘበኛ "ጋሽ በቀለ" ብዬ ተጣራሁ። ከበሩ ጋ "አቤት" እስኪሉኝ ድረስ አልተነፈስኩም።