ጋሽ ጀሶ እና ድንጋይ የሆነው ጨው

የብልቃጡ ክዳን ሲከፈት ሽታው ደህና ነው፤ ጨዉ ግን የለም። ውስጡ ያለው ድንጋይ ነው። ጋሽ ጀሶ በማንኪያ ጫፍ ቆረቆረው፤ ቋ! ቋ! አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። የሦስተኛው ክዳን ጭራሽ ተስፈንጥሮ ቁም ሣጥን ሥር ተገኘ።

ሰውየው አርባ ዓመት ግድግዳና ጣሪያ በጀሶ ሲለስን የኖረ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ስለጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጀሶ ይለዋል። ዱቄት ያውቃል። እንዲህ ያለ ከሃዲ ዱቄት ግን ገጥሞት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በሴት ልጁ እግር ነው። ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትገባ እግሯ ያብጣል። ከሁለት ሳምንት በፊት ራቅ ያለ ከተማ ሥራ ማግኘቷን ስትነግረው፣ "ሂጂ! ማን ያዘሽ?" አላት። ሊል የፈለገው ሌላ ነበር፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ቀረ። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ቃል አጥሯል፤ "እሺ"፣ "አይ"፣ "በልቻለሁ"፣ በቃ። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ለጋሽ ጀሶ ደግሞ ይቅርታ ከመጠየቅ ያለ መሰላል ጣሪያ መለሰን ይቀለዋል። ስለዚህ በእጁ የሚሠራ ነገር ፈለገ።

የፋርማሲዋ ሴት የእግር መዘፍዘፊያ ጨው አሠራር ወረቀት ላይ ጻፈችለት፦ ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ፣ ሁለት እጅ ሻካራ ጨው፣ ጥቂት ጠብታ የሽቶ ዘይት፤ መቀላቀያው ሳህን በደንብ ይድረቅ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲነሰነስ አረፋ ይደፍቃል፣ እግር ያፍታታል።

አሁን አንዱን ድንጋይ በኪሱ ከትቶ ፋርማሲው ድረስ ሄደ።

"እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነክቶታል፣ ጋሼ።"

"ጠብታ አላስነካሁትም!"

"እርጥበት ካገኘ እዚያው ፈልቶ ያልቃል። የሚተርፈው ይሄ ነው።"

"ሳህኑን በፀሐይ ነው ያደረቅኩት እያልኩሽ!"

"ታዲያ እኔ ልዋሽዎት?"

"ማንም አልዋሸም። ድንጋዩ ግን ይኸው።"

አዲስ ዱቄት ይዞ ተመለሰ። ለካ፣ አዋሐደ፣ አንድ ማንኪያ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረ። ሽርርር! አረፋው ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ወረደ። ድብልቁ እንግዲህ ጤነኛ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ነው የሚሞተው። ብልቃጦቹን አሸተተ፤ በመስኮት ብርሃን አገላብጦ አየ፤ ቂጣቸውን መታ መታ አደረገ። ብልቃጥ ዱቄት ይበላል እንዴ?

ልጁ የልብሷን ሻንጣ ልትዘጋ ስትመጣ፣ አባቷ ስድስት ብልቃጥ እንደ ተጠርጣሪ ፊቱ ደርድሮ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እኔ ራሴ ባወቅኩት!"

መደበቁ ስላላዋጣ ተናገረ።

"ለእኔ ነው?"

"ለእግርሽ ነው" አለ፣ ወደ ብልቃጦቹ እያየ።

"እስቲ አንዱን ሙላና ልይ።"

ቀኝ እጁ ብልቃጡን አነሣ። ግራ እጁ አጠገቡ ካለው የሥራ ባልዲ ስፖንጅ አወጣና ጨመቅ አድርጎ የብልቃጡን ውስጥ ዙሪያውን አበሰ። ከዚያ ጭልፋውን ያዘ።

"ቆይ! ግራ እጅህ ምን አደረገ?"

"ምን አደረገ?"

"አረጠብከው እኮ!"

እጁን አየ። ስፖንጁ አለ፤ ውሃው በክርኑ ይንጠባጠባል። "ይሄን ደግሞ ማን አስያዘኝ?"

ስንቱን ለሳኝ "ደረቅ ላይ አትለጥፍ!" እያለ አሠልጥኗል፤ ደረቅ ግድግዳ የጀሶውን ውሃ መጦ ይጥለዋልና። ወረቀቱ ሳህኑ ይድረቅ ይላል፤ ሳህኑን አደረቀ። ስለ ብልቃጥ የሚለው የለም፤ ያልተጻፈውን እጁ ራሱ ጨመረበት።

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስፖንጁን ነጥቃ ባልዲውን ከነውሃው ደጅ አወጣችው፤ ብልቃጦቹን በደረቅ ጨርቅ ወለወለች።

"አሁን እጅህን ወደ ኋላ አድርግ፤ እኔ ነኝ የምሞላው።"

"እንደ ሌባ ልታስሪኝ ነው?"

"ማን ያዘህ?" አለችው።

ጋሽ ጀሶ ክው አለ። ነገር ነው? ቀልድ ነው? ፊቷን አየ፤ ሳቋ ገና አልጠፋም፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው። ከሳቅ ይሁን ከሌላ እንጃ። ግድግዳ ቢሆን ዳብሶ ይለየው ነበር።

"ያን ቀን..." ብሎ ጀመረና ጉሮሮውን ጠረገ። "ያን ቀን እንኳ፣ ባትሄጂ ነበር ደስ የሚለኝ።"

"አውቃለሁ።" ጭልፋውን መልሳ ሰጠችው። "በል አንተው ሙላው፤ በደረቅ እጅ። ሲያልቅብኝ መጥቼ ሌላ እወስዳለሁ።"

ሲያልቅብኝ። ጭልፋውን እንደያዘ ቆመ። በቀን አንድ ማንኪያ ብትጨምር ሙሉው ብልቃጥ ስንት ሳምንት ይሄዳል? ስድስቱስ? ሒሳቡ ረዘመበት። አንዱን እስከ ወገቡ ሞላና አቆመ።

"አባዬ፣ ግማሽ ነው እኮ!"

"አየር ይፈልጋል" አለ ጋሽ ጀሶ፣ ክዳኑን ጥርቅም እያደረገ።