ለሃርድ ዲስኩ የተሠራ የንፋስ መንገድ

በዚያ ቀን ሲቀላ በሚባለው ቆላ ሰፈር ባለው የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ አራት ነበርን። አንደኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለቤቱ። ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ከደጋው ከጨንቻ የወረዱ እህትና ወንድም። አራተኛ፣ ቪዲዮ የማቀናብረውና ኮምፒውተሮቹን የምጠግነው እኔ።

የእህትየውን ሠርግ ከአራት ዓመት በፊት ጨንቻ ላይ የቀረጹት ጋሼ ናቸው። እኔ ያኔ ሥራ አልጀመርኩም። የልጆቹ አባት ዘንድሮ ዐረፉ። ድምፃቸው የተቀዳው ያን ቀን ልጃቸውን ሲመርቁ ብቻ ነው። ለቤተሰቡ የተሰጠው ፍላሽ ስለጠፋ፣ የቀረው እኛ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

ከዲስኩ ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ጀመርኩ። ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፋ። አሳርፌ ደገምኩት፤ እንደገና ጠፋ። ሙቀት የሚያሳየው ፕሮግራም ስልሳ ሁለት ዲግሪ ይላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

«ቬንትሌተሩን አዙርበታ» አሉ ጋሼ።

አዞርኩት። ለውጥ የለም። ሦስቱ ዲስኮች መደርደሪያው ላይ ተጣብቀው ቆመዋል፤ በላያቸው ለሁለት የታጠፈ ዱንጉዛ የሚባል ባለቀለም የሽመና ጨርቅ ለብሰዋል። ሸማኔ የነበሩት የልጆቹ አባት ከሠርጉ በኋላ ለጋሼ ሸምነው የሰጡት ነው። ሰው ቴሌቪዥኑን ዳንቴል እንደሚያለብሰው፣ ጋሼም ስቱዲዮው ውስጥ የከበረውን ዕቃ አለበሱት።

«ጋሼ፣ ይሄ መነሳት አለበት።»

«አቧራ እንዳይገባ እኮ ነው። ራቁቱን ይቀመጥ?»

እህትየው ጨርቁን ዳሰሰችው። «የአባዬ እጅ ነው» አለች።

«አባዬ ደጋ ለምዶ፣ የቆላውንም ዕቃ አለበሰው» አለ ወንድሟ። ጋሼ ሳቁና ራሳቸው አነሱት። እኔ አልሳቅኩም። ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የጨርቁን ጠርዝ ሳስተካክል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ጨርቁ ተነስቶም ሙቀቱ የወረደው ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። ከሶፍት ቀጭን ቁራጭ ቀድጄ በዲስኮቹ መሀል ያዝኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዲስኮቹ በላይ ስይዘው ተርገበገበ። ነፋስ የሚሄደው በቀለለው በኩል ነው፤ የእኛም ቬንትሌተር ግድግዳውን ነበር የሚያቀዘቅዘው።

ዲስኮቹን አለያየሁና በየመሀላቸው የክብሪት ቀፎ አስገባሁ። ከወረቀት ካርቶን አንድ ጫፉ የቬንትሌተሩን ፊት የሚያክል፣ ሌላው ጫፉ በዲስኮቹ ልክ የጠበበ ቱቦ ሠራሁ። ክፍተቱን ሁሉ በፕላስተር ዘጋሁት። ከኋላ በኩል ሞቃቱ አየር እንዲወጣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ሳብኩት።

«በካርቶን ነው የምታክመው?» አለ ወንድምየው።

«ዝም በል፣ ሥራውን ይሥራ» አለችው።

አሁን ሶፍቱ በዲስኮቹ መሀል ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ሰባት እያለ አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ መቅዳቱን እንደገና አስጀመርኩ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ዲስኩ አንድ ጊዜም አልጠፋም።

ሠርጉ ወጣ። የአባትየው ድምፅ በጋሞኛ ሲጀምር እህትየው ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለችና ወደ ስፒከሩ አስጠጋችው። ምርቃቱ ግን መሀል ላይ ይቆማል። የመጨረሻውን ፋይል ብዙ ጊዜ ሞከርኩት፤ ዲስኩ ቀዝቅዞም አልተነበበም። ሙቀቱ ቀድሞ የጎዳው ቦታ ይመስለኛል።

«ከዚህ በኋላ እንግዶቹን ነው የመረቀው፣ በሰላም ግቡ ብሎ» አለች እህትየው።

«አይደለም፣ እንሰቱን ነው። መሬቱን መርቆ ነው የጨረሰው» አለ ወንድሟ።

ጋሼ ደግሞ አባትየው ወደ ካሜራው ዞረው እሳቸውንም እንደመረቋቸው አስታወሱ።

የዳነውን ሦስት ቦታ ቀድቼዋለሁ። ከአራታችን ሠርጉ ላይ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የጎደለውን መሙላት አልችልም። እናንተ ሦስታችሁ፣ ሌሎቻችሁም ያን ቀን ጨንቻ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣችሁ አሜን ያላችሁ፣ የምርቃቱን መጨረሻ እንደሰማችሁት ንገሩኝ። ቃላችሁ ባይገጥምም ሁሉንም ከቪዲዮው ጎን እጽፈዋለሁ።