ትራስ ስር የነበረው የሞተር ቁልፍ

ወገኖቼ፣ ከዚህ ማይክ ይልቅ የሞተር መሪ ብታስይዙኝ ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ቤቴ አልገባም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሞተር የምጠግነው ደሳለኝ ነኝ። ባለቤቴ አስቴር እዚህ ስትዘምር፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «አልጨረሳችሁም?» እያልኩ በክላክስ የምበጠብጣችሁ ነበርኩ። ይቅር በሉኝ!

ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ነው። ኮልፌ ሽመና እየሠራ አስተማረኝ። በኋላ ጌታን አገኘና ወንጌል ሊያገለግል ወደ ትውልድ ቀያችን፣ ወደ ጋሞ ደጋ ተመለሰ። አባታችን ሲሞት ለቀስተኛው ሙሾ ሲያወርድ፣ እሱ መዝሙር ጀመረ። አፈርኩበት። በሰው ፊት ገፈተርኩትና «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም።

አንድ ቀን አስቴር እያለቀሰች ጋራዥ መጣች። «ጋሼ ታመዋል፣ ጉበታቸው ነው። ሐኪሙ ‹ቤት ውሰዷቸው፤ የሚናፍቁት ሰው ካለ ጥሩላቸው› ብሏል። የሚጠሩት ደግሞ አንተን ነው» አለችኝ።

ሄድኩ። ግን ብቻዬን፣ በሞተር። ለምን መሰላችሁ? አውቶብስ ከተሳፈርክ መድረስህ ነው፤ ሞተር ግን ከየትም አዙረህ ትመለሳለህ። ተንኮሌን ጌታ ያውቃል!

አርባ ምንጭ አድሬ የጨንቻን ዳገት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ አናት ላይ ስደርስ ጭጋግ ነው፣ ብርድ ነው። የጋሼ መንደር ከተራራው ማዶ ነበር። ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ? ፈራሁ፣ ሞተሬን ወደ መጣሁበት አዞርኩ።

ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልቁለቱን በፎሌ ለቀቅኩት፣ ያለ ማርሽ። ደንበኞቼን «በፎሌ አትውረዱ፣ ፍሬን ታቃጥላላችሁ» እያልኩ የምቆጣው እኔ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ብይዝ የለም፣ ብረግጥ የለም። ያኔ ሳላስበው ጮህኩ፦ «የጋሼ ታደሰ አምላክ!»

የቀርከሃ አጥር ጥሼ እንሰት መሃል ተዘረርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሯል፤ ነፍሴ ግን አለች። ሃሌ ሉያ! የአጥሩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ አጥራቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ቀና አደረጉኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«የወንጌላዊው ወንድም ደሳለኝ ነሃ! እዚህ በመጣ ቁጥር ስላንተ ያስጸልየናል እኮ!»

ጎረቤት ጠርተው በቃሬዛ ተራራውን አሻገሩኝ። ሞተሬ እዚያው ቀረ፤ ቁልፉን ግን ነቅዬ ይዤ ነበር።

ጋሼ መደብ ላይ ተኝቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። በቃሬዛ ስገባ አይቶኝ ሳቀ። «የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለ። እኔ አለቀስኩ። ቆይቶ እጄን አየና «ደሱ፣ ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት፤ ትራሱ ስር ከተተው። እዚያው እጁን ጭኖ ጸለየልኝ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ወገኖች፣ አልዋሻችሁም፤ ጋሼ ከበሽታው አልዳነም። እንዲድን ጮኼ ጸልዬ ነበር። አስራ አንድ ቀን አጠገቡ ተኝቼ ስናወራ፣ ስንስቅ ከረምን። የቀብሩ ዕለት መዝሙሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ምን እንደሚመስል አስቴርን ጠይቋት! ቁልፉን ከትራሱ ስር ያወጣሁት ከቀብር መልስ ነው።

ዛሬ ትንሽ አነክሳለሁ፤ ስለ እሱም ጌታን አመሰግናለሁ። ከመካከላችን ሞተሩን አዙሮ የቆመ ሰው ካለ፣ አትፍራ፣ ቁልፉን ለጌታ ስጠው። ስልኩን ያላነሳህለት ወንድም ካለህ ደግሞ ከዚህ ስትወጣ ደውልለት። እኔ የምታረቅበት ሰባት ዓመት ነበረኝ፤ ከወንድሜ ጋር የኖርኩት ግን አስራ አንዱን ቀን ብቻ ነው።