ቦዩ በደሜ ውስጥ

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ ውስጥ እንደ እኔ መርማሪ ያደከመ እስረኛ አልነበረም። አንድ መቶ አለቃ በእኔ ምክንያት ራሰ በራ ሆኗል። "ከአብነት ሰፈር አልፌ አላውቅም" ብዬ ድርቅ አልኩበት፤ ሊረታኝ አልቻለም። የረታኝ አንድ ብልቃጥ የራሴው ደም ነው።

የያዙኝ ጎጃም በረንዳ ላይ ነው፤ አዋሽ ዳር ባለ የሸንኮራ እርሻ የአድማ ወረቀት በትነሃል ተብዬ። በትኛለሁ። ቦዩ ውስጥ ገብቼም ገላዬን ታጥቤያለሁ። አብረውኝ የወረዱት ጓደኞቼ አልተያዙም፤ እኔ ከከተማ አልወጣሁም እስካልኩ ድረስ ማንም አይፈልጋቸውም።

ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ የምንተኛው በፈረቃ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ተኝተዋል፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሆዳቸው ተነፍቶ እግራቸው ቀጥኗል። ሰገራቸው ቢመረመር ትል አልታየም። መቶ አለቃው "ኮሶ ይጠጣ፤ ካልተሻለው እያስመሰለ ነው" አለ። አስጠጣቸው፤ ባሰባቸው። ደገመላቸው፤ ውሃ እንኳ ሆዳቸው ውስጥ አልረጋ አለ።

አንድ ጠዋት የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር የሚሉት፣ መርፌና ብልቃጥ ይዞ መጣ።

"ሽማግሌውን የያዛቸው የሚመስለኝ ትል የሚኖረው ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ኮሶ አይደርስበትም" አለ። "ገላችን ትሉን የሚዋጋበት መከላከያ ይሠራል፤ ትሉ ቢደበቅም መከላከያው ደም ውስጥ ይገኛል። የሚይዘው እንደ መስኖ ቦይ ያለ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ነው፤ እዚህ ከተማ አይገኝም። የተገኘበት ሆስፒታል ይገባል። ከሁላችሁም ልውሰድ፤ ያልፈለገ ይቅር።"

ደሜን ከሰጠሁ የት እንደነበርኩ ሊናገርብኝ ነው።

ማንም ክንዱን አልሰጠም። ለዚህም ምክንያቱ እኔው ነኝ፤ በዚያው ሰሞን ለጨዋታ "ፖሊስ የእስረኛ ደም ለፈረንጅ ይሸጣል፤ አንዱንማ መጠው መጠው ቆዳው ብቻ ቀርቷል" ብያቸው ነበር።

"ጋሼ፣ ይስጡ እንጂ፤ ይድናሉ" አልኳቸው።

"ደማችንን ይመጥጣሉ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"ቀልዴን እኮ ነው!"

"እንግዲያው ቅደምና ልይህ።"

ድሬሰሩ ብልቃጦቹን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

"ና፣ ወንድሜ" ድሬሰሩን አልኩና ክንዴን ዘረጋሁ። ቀጥሎ ጋሼ ዘረጉ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንም ላይ ተገኝቷል። እሳቸውን በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ እኔን ወደ መቶ አለቃው።

"አጅሬው! ከአብነት አላልፍም ባዩ! ሸንኮራው ጣፈጠህ?"

ጉንጬን አዘጋጀሁ።

"ከማን ጋር ወረድክ?"

"ከትሉ ጋር፣ ጌታዬ።"

ጥፊው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥያቄ አልተርከውም፤ ስም ግን አላገኘም።

ጋሼ ድነው ወጡ። የእኔም ትል በመድኃኒት ከሞተ ቆየ። አብረውኝ የታሰሩት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ያ መርፌ የማይፈራው!" እያሉ ሰው ፊት ያሞግሱኛል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ እሰማለሁ። ከጋሼና ከእኔ በቀር ማንም ያላየው ነገር አለ፤ መርፌው ክንዴን ሳይነካ ሽንቴ አምልጦኝ ነበር። ጋሼ ከግድግዳው ዞረው ጋቢያቸውን ጭኔ ላይ ጣል አድርገው ሸፈኑልኝ፤ የራሳቸውን ክንድ የዘረጉት ከዚያ በኋላ ነው።