ፍልፈሉን የሸኘን ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከጉሊት ሰላጣ ስገዛ፣ ሻጯ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄን ይተዉት እትዬ፣ ተበልቷል» ብላ ሌላ አነሳችልኝ። የተበሳሳውን ቅጠል ሳይ ካዛንቺስ ያለው የወላጆቼ ጓሮ ትዝ አለኝ።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት ተቀምጫለሁ። አባባም ጡረታ መውጣታቸው ነበር። እናቴ ሱቋ ስለምትውል ቤቱ ለሁለታችን ቀርቷል፤ እኛ ግን አንነጋገርም። የቅርብ ጓደኛቸው ልጅ የላከውን ሽማግሌ መልሼ አሳፍሬያቸዋለሁ። ምሳ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ ሬዲዮናቸውን ይከፍታሉ። ያንን ዝምታ ሽሽት ነው ጓሮውን የቆፈርኩት። ከዚያ በፊት መኮትኮቻ እንኳ ይዤ አላውቅም።

ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት ዘራሁ። ሰላጣው ገና ብቅ ከማለቱ ጅራታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በመንጋ ወረዱበት። የካሴት ክር ዘረጋሁ፤ በነፋስ ሲርገበገብ ለጥቂት ቀን ፈሩት፣ ኋላ ግን ከሥሩ ተሰብስበው ይለቅሙ ጀመር። ቀጥሎ ካሮቱ ጠወለገ። አንዱን ብስበው ቅጠሉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩን የሆነ ነገር ከታች ግምጥ አድርጎታል።

ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ የተቆለለውን አፈር አይተው «ፍልፈል ነው ልጄ። በርበሬ አጭሺበት» አሉኝ። ፍም ላይ በርበሬ ነስንሼ ጢሱን ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩት። ጢሱ ግን ተመልሶ በአባባ መስኮት ገባ። እያሳሉ ወጡ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ፍልፈል ላስወጣ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እኔን አስወጣሽኝ እኮ።»

በማግሥቱ ቀድመውኝ ጓሮ ተገኙ። ልጅ ሳሉ እንዳዩት የጉድጓዱን አፍ ከፈቱት፤ ፍልፈል ብርሃን ስለማይወድ ሊደፍነው ይመጣል። በርጩማ አውጥተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅነው። ምሳ ሰዓት አለፈ። አፈሩ ሲነቃነቅ አባባ አካፋቸውን ከኋላው ሰክተው መመለሻ አሳጡት፤ እኔ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ድቡልቡል፣ ቡናማ፣ ጥርሱ ያገጠጠ ፍጥረት ነው። አባባ ሊመቱት አካፋውን አነሱ። አዩት። መልሰው አስቀመጡት።

«ምን አጠፋ? ርቦት ነው» አሉ።

ባልዲውን ለሁለት ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከየጥጉ የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ሰፈርተኛው «ወዴት ነው?» ሲለን አባባ «እንግዳ ልንሸኝ» ይላሉ። ዳገቱ ሥር ስንለቀው ወዲያው አፈር ይጭር ጀመር። አባባ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ ጠየቁኝ።

«ያን ልጅ አልወደድሽውም?»

«አልወደድኩትም።»

«ታዲያ እንዲያ አትይኝም ነበር?»

«አልጠየቁኝም፣ አባባ።»

ፍልፈሉ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ። «እውነት ነው፣ አልጠየቅኩሽም» አሉ ከዚያ፣ ቀስ ብለው። ስንመለስ ትኩስ በቆሎ ገዝተው ሰብረው አካፈሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ፍልፈል መጥቶ የቀረውን ካሮት ጨረሰው። ከዚያ ጓሮ አንድ ድስት የሚሞላ ጎመን አልቀመስንም።

አሁን አባባ የሉም፣ ግቢው ላይም ፎቅ ቆሟል። የራሴ ልጆች አድገው ያላሰብኩትን ሲወስኑ ከመቆጣቴ በፊት ልጠይቃቸው እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሆንልኝም። የሆነልኝ ቀን ግን ድምፄ ቀስ ይላል፣ የአባባን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል።